ጎንዶላው እንቅልፍ ነሳችሁ? ድምፁን ከምልክቱ መለየት

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ከሜሪላንድ ደወለች። የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ ሊሄዱ ነው። ሆቴል ይዛለች፤ ዋጋውም ተስማምቷታል። አንድ ነገር ግን ከንክኗታል።

«ክፍሉ ከጎንዶላው መስመር አጠገብ ነው አሉኝ» አለች። ጎንዶላ ማለት በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው አየር ላይ የሚያመላልስ ካቢን ነው። «ትንሹን ልጄን ታውቀዋለህ፤ ዝንብ ስታልፍ ይነቃል። ሲንጓጓብን ቢያድርስ?»

እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። ጎንዶላ ጠግኜ አላውቅም። ግን የብረት ገመድ፣ ፑሊ (ገመዱ የሚያልፍበት ባለ ቦይ ተሽከርካሪ)፣ ኩሽኔታና ሞተር የትም ቢሄዱ ጠባያቸው ያው ነው። በእኛ ሥራ «ሊፍቱ ይጮኻል» ብሎ የሚደውል ደንበኛ ገና ምንም አልነገረንም። ሲወጣ ነው ሲወርድ? በሩ ሲከፈት ነው ሲዘጋ? ሲጢጥ ይላል ወይስ ያጉረመርማል? ይህን የነገረን ሰው ግማሹን ጥገና ሠርቶልናል። ለጎንዶላም እንደዚያው ነው። ለእሷ በስልክ ያልኳትን ትንሽ አስፋፍቼ ልጻፈው።

መጀመሪያ ማሽኑን እንወቀው

የዲዝኒው ጎንዶላ ስሙ ስካይላይነር ነው። የተከፈተው ሴፕቴምበር 29 ቀን 2019 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የሠራው ዶፕልማየር የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ ነው። ወደ 300 የሚጠጉ ካቢኖች አሉት፤ አንዱ 10 ሰው ይይዛል። ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ የተባሉትን የዲዝኒ መናፈሻዎች ከተወሰኑ ሆቴሎች ጋር ያገናኛል።

ዲዝኒ ለገመድ አዲስ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ስካይዌይ የሚባለው ከ1956 እስከ 1994 ሠርቷል። ፍሎሪዳ ያለው ደግሞ ከ1971 እስከ 1999። የድሮዎቹ ግን መናፈሻው ውስጥ ነበር የሚመላለሱት። እዚያ ማን ይተኛል? የአሁኑ የሚያልፈው ሰው አልጋ ላይ በሚጋደምበት ሆቴል አጠገብ ነው። ጭንቀቱን ያመጣው ይሄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዞሮ ራሱ ጋ የሚገጥም አንድ የብረት ገመድ አለ። ካቢኑ በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል በሚሠራ መቆንጠጫ ገመዱን ነክሶ ይሄዳል። ጣቢያ ሲደርስ መቆንጠጫው ይለቃል። ከላይ የተደረደሩ ጎማዎች ያዘገዩታል። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል። ሌሎች ጎማዎች ያፈጥኑትና መልሶ ገመዱን ይነክሳል። ካቢኑ ላይ ሞተር የለም፤ ሞተሩ ያለው ጣቢያ ነው።

ስለዚህ በሁለት ምሰሶዎች መካከል አየር ላይ የሚንሳፈፍ ካቢን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ድምፅ የሚፈጠረው ገመዱ ፑሊ ሲነካ ነው። ያ ደግሞ ምሰሶው አናት ላይና ጣቢያው ውስጥ ነው። ሆቴል ስትይዙ «ከገመዱ ስንት ሜትር ይርቃል?» አትበሉ። «ምሰሶው የት ነው? ጣቢያውስ?» በሉ። ልክ ከገመዱ ሥር ያለ ክፍል ጸጥ ሊል ይችላል። ምሰሶ ፊት ለፊት ያለው ራቅ ቢልም ላይል ይችላል።

ምልክት፦ እንደ ሩቅ ወፍጮ ቤት የሚያጉረመርም፣ የማያባራ ድምፅ

ሰው በጣም የሚማረርበት ይሄ ነው፤ ለማስረዳትም የሚያስቸግረው ይሄው ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ቀን ላይ ትዝም አይላችሁ። ማታ ራሳችሁን ትራስ ላይ ስታሳርፉ «እምምም» ይላል። መስኮት ብትዘጉም አይጠፋም።

መንስኤው ገመዱ ራሱ ነው። የብረት ገመድ ልሙጥ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወፋፍራም ዘለላዎች ተጠምዝዘው ነው የሚሠራው። የተገመደ ጅራፍ በመዳፋችሁ ይዛችሁ ሳብ ብታደርጉት ጎበጥ ጎበጥ ይላል አይደል? ፑሊውም የሚሰማው ያንን ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ሲያልፍ ፑሊውን በትንሹ ይመታዋል። ፑሊው ምሰሶውን ያንቀጠቅጣል። ባዶ የብረት ቱቦ የሆነው ምሰሶ ደግሞ እንደ ከበሮ ነው።

ቁጥሩን አብረን እናውጣው። ገመዱ 50 ሚሊሜትር ውፍረት አለው እንበል። አንድ ዘለላ አንድ ሙሉ ዙር ለመጠምዘዝ የውፍረቱን ሰባት እጥፍ ያህል ይፈጃል፤ 350 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለስድስት ሲካፈል በየ58 ሚሊሜትሩ አንድ ጉብታ አለ። ገመዱ በሰከንድ 5 ሜትር ከሄደ ፑሊው በሰከንድ ወደ 86 ጊዜ ይመታል። ይሄ ወፍራም፣ የቤዝ ጊታር ዓይነት ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ግድግዳና መስታወት እንደ ቀጭኑ አይመልሱትም።

አሁን ወደ ምርመራው። መስመሩ ፍጥነት ሲቀንስ ጠብቁ፤ አዛውንት ወይም ዊልቸር ሲገባ አንዳንዴ ቀስ ይላል። ድምፁ አብሮ ከወፈረ ገመዱ ነው። መስመሩ ሙሉ ለሙሉ ሲቆም ድምፁ ከጠፋም ገመዱ ነው። ገመዱ ቆሞ «እምምም» ማለቱን ከቀጠለስ? ያኔ ጎንዶላውን ተዉትና ሌላ ተከሳሽ ፈልጉ። የሆቴሉ ኤሲ ሊሆን ይችላል። ትራንስፎርመርም ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚርገበገብ) ስለሆነ ትራንስፎርመር የሚያጉረመርመው በ120 ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው አልጋው አጠገብ ያለው ኤሲ ነው። ሰው ግን ትልቁን አዲስ ነገር ያይና እሱን ይከሳል።

በባለቤቱ በኩል መፍትሄው ሁለት ሦስት ነው። ፑሊው ዙሪያውን የጎማ ልባስ አለው። ሲያረጅ ይቀየራል። ገመዱም የተሻለ ዓይነት አለው፤ ፋትሰር የተባለው የስዊዘርላንድ ገመድ ሠሪ በዘለላዎቹ መካከል ፕላስቲክ የገባበት ገመድ ይሸጣል። ጉብታው ስለሚሞላ ገመዱ ክብ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ንዝረቱም ይቀንሳል። ሦስተኛው ነፃ ነው፦ ሰው ሲቀንስ፣ በተለይ ማታ፣ ፍጥነት መቀነስ።

በእናንተ በኩል ደግሞ አልጋውን ከክፍሉ ጥግ አርቁት። ወፍራም ድምፅ የሚጠራቀመው ጥግና ግድግዳ ሥር ነው። አንድ ሜትር ወደ መሃል ሳብ ማድረግ የማይታመን ለውጥ ያመጣል። የጆሮ መድፈኛ ግን ብዙ አትጠብቁበት። ቀጭኑን ድምፅ ያፍንና ወፍራሙን ብቻውን ያስቀረዋል፤ እንዲያውም ይብስባችኋል። ቀስ ብሎ የሚሽከረከር ቬንትሌተር ይሻላል።

እዚህ ላይ ስለ ስልክ አፕ አንድ ነገር ልበል። የድምፅን ጉልበት በዴሲቤል የሚለኩት አፖች ብዙዎቹ የሚያሳዩት «ኤ» በሚባለው ሚዛን ነው። ይሄ ሚዛን የሰውን ጆሮ ስለሚመስል ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን ድምፅ 20 ዴሲቤል ያህል ቀንሶ ነው የሚቆጥረው። «አፑ 34 ይላል፣ ጸጥ ያለ ነው» ተብላችሁ እናንተ ግን እንቅልፍ ያጣችሁበት ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። አፑ «ሲ» የሚባል ሚዛን ካለው ሁለቱንም ለኩ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 እስከ 20 ከደረሰ ወፍራም ድምፅ አለ ማለት ነው። ቅሬታ ስትጽፉ ይቺ ልዩነት ወርቅ ናት።

ምልክት፦ በየጥቂት ሰከንዱ «ጠ-ጠ-ጠ-ጠ»

ካቢን ምሰሶ ባለፈ ቁጥር ይመጣል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። መቆንጠጫው የተደረደሩትን ፑሊዎች አንድ በአንድ ሲሻገር ነው። ገመዱን ወደ ላይ የሚሸከሙ ምሰሶዎች አሉ፤ ከላይ ሆነው ወደ ታች የሚጫኑትም አሉ። የሚጫኑት ብዙ ጊዜ ይብሳሉ፤ ምክንያቱም መቆንጠጫው የሚያልፈው በፑሊው በኩል ነው።

ሁሉም ካቢን አንድ ዓይነት ድምፅ ካሰማ ችግሩ ምሰሶው ላይ ነው። ልባሱ አርጅቷል ወይም የፑሊዎቹ ሰልፍ ትንሽ ዞሯል። መፍትሄው ከባለሙያው ነው፦ ልባስ መቀየር፣ ሰልፉን ማቅናት።

አንዱ ብቻ «ቋ!» ካለስ? ይቺን እወዳታለሁ፤ ቁጭ ብሎ ሰዓት መያዝ ብቻ ነው የምትፈልገው። መስመሩ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢረዝም ደርሶ መልሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። በሰከንድ 5 ሜትር፣ አሥር ደቂቃ። ጣቢያ ውስጥ የሚያባክነው ይጨመርና አሥራ ሁለት ምናምን። «ቋ!» የሚለው በየአሥራ ሁለት ደቂቃው ከመጣ አንድ ካቢን ነው፤ መቆንጠጫዋ ወይም የላላ ቡሎን ያለባት አንዲት ካቢን። ካቢኖች ብዙ ጊዜ ቁጥር ስላላቸው ቁጥሯን ጻፉ። ጥገና ክፍሉ ከመስመር ሊያወጣት የሚፈጅበት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የትኛዋ እንደሆነች መፈለጉ ነው ቀን የሚፈጀው።

ምልክት፦ ሲጢጥ ሲጢጥ

አጭር ነው። ከምሰሶ ከመጣ የደረቀ ወይም የሞተ ኩሽኔታ ነው፤ ግራሶ ወይም ቅያሪ። ከጣቢያ ከመጣና በተለይ ጠዋት ጤዛ ሲኖር ብቻ ከሆነ ካቢኑን የሚገፉት ጎማዎች እርጥብ ብረት ላይ ሲንሸራተቱ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሳምንት ከቆየ ሪፖርት አድርጉ። ሲጢጥታ ራሱን ፈውሶ አያውቅም።

ምልክት፦ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሞተር፣ ከዚያ «ጓ... ጓ... ጓ...»

ይሄ በራሴ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ተራራ ላይ ያለ አንድ መዝናኛ ሄጄ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ክፍሌ ከታችኛው ጣቢያ ፊት ለፊት ነው። ማታ ጸጥ ያለ ነበርና «ምን ያማረ ክፍል ነው» ብዬ ተኛሁ። ገና ሳይነጋ ከባድ መኪና መስኮቴ ሥር የተነሳ መሰለኝ። ከዚያ በየአሥር ሰከንዱ ብረት ከብረት ሲጋጭ። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩ። ሁለት ሠራተኞች ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቆመዋል፤ አንዱ ቡና ይዟል። ካቢኖቹ ከጋራዥ አንድ በአንድ እየወጡ ገመዱን ይነክሳሉ። ቡና የያዘው ቀና ብሎ አየኝና እጁን አውለበለበልኝ።

መንስኤው ሁለት ነው። ጎንዶላ መብራት ቢጠፋ ሰው አየር ላይ እንዳይቀር የናፍጣ ተጠባባቂ ሞተር አለው። ያ ሞተር በየጊዜው ተነስቶ ይሞከራል። መሞከሩም ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ማታ ጋራዥ የሚገቡ ካቢኖች ካሉ ጠዋት ይወጣሉ፤ መስመሩም ሰው ከመጫኑ በፊት በየቀኑ ባዶውን ይዞራል።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሰዓት ማዛወር ነው። ካቢኖቹን ከማውጣት ማምለጥ ባይቻልም የናፍጣ ሞተሩን ለምን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አይሞክሩትም? እኔ ይህንኑ በወረቀት ጽፌ እንግዳ መቀበያው ላይ ተውኩ። በማግስቱ ጠዋት ካቢኖቹ ጓ ጓ ብለዋል፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም። በወረቀቴ ይሁን በአጋጣሚ እሱን እንጃ።

ምልክት፦ ቀን የለም፣ ማታ ይመጣል

ማሽኑ አልተለወጠም፤ አየሩ ነው የተለወጠው። ቀን ላይ መሬት ሞቃት ስለሆነ ድምፅ ወደ ላይ ይታጠፋል። ማታ ታች ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወደ ታች ይታጠፍና ሩቅ ይሄዳል። ውኃ ካለ ደግሞ ይብሳል። ሐይቅ ዳር ያደረ ሰው ማዶ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ሲያወሩ ቃል በቃል ሰምቶ ያውቃል። ከስካይላይነር ጣቢያዎች አንዱ ያለው በፖፕ ሴንቸሪና በአርት ኦፍ አኒሜሽን ሆቴሎች መካከል፣ ሐይቅ ላይ ነው። እዚያ አካባቢ ክፍል የያዘ ሰው ውኃውን ፊት ለፊት የሚያየውን ክፍል ትቶ በጀርባ ያለውን ቢጠይቅ ዕይታውን ያጣል፣ እንቅልፉን ያተርፋል።

ለአክስቴ ልጅ ግን አንድ የምሥራች ነበረኝ፦ ስካይላይነር ሌሊቱን ሙሉ አይሄድም። መናፈሻዎቹ ተዘግተው ሰው ወደየሆቴሉ ከተመለሰ በኋላ ይቆማል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፅ ከሰማችሁ ወይ ጥገና ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው።

ምልክት፦ ሙዚቃ፣ ማስታወቂያ፣ የሰው ጩኸት

ጣቢያው ሙዚቃ አለው፤ ካቢኑም ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ። ካቢኑ ክፍት ቀዳዳ ስላለው ውስጥ የሚጮህ ልጅ ውጭ ይሰማል። የማጉያውን መጠን ማታ መቀነስ አንድ ሰው ቁልፍ ነክቶ የሚጨርሰው ነገር ነው። ልጁን መቀነስ ግን አይቻልም።

እዚህ ጋ ሰው የሚያቀርበው አንድ ሐሳብ አለ፦ «አጥር ይሠራልን።» አይሠራም። አጥር ድምፅ የሚከለክለው የድምፁን ምንጭ ከዓይን ሲጋርድ ነው። ለመንገድ ይሆናል። ምሰሶው አናት ላይ፣ ከጣሪያችሁ በላይ ላለ ፑሊ ግን ስንት ፎቅ አጥር ልታቆሙ ነው? ለጣቢያው ብቻ ይጠቅማል፤ እሱም ቢሆን ወደ ክፍሎቹ የሚያየውን ጎን መዝጋትና ጣሪያውን ከውስጥ ድምፅ በሚመጥ ነገር መልበስ ይበልጣል። መስመሩ ገና በዕቅድ ላይ ከሆነ ደግሞ ካምቢዮ የሌለው ሞተር ጠይቁ። ሞተሩ ትልቁን ፑሊ በቀጥታ ያዞራል፤ የማርሽ ጩኸት ከነአካቴው የለም።

ምልክት፦ ቆሞም ያፏጫል

ነፋስ ነው። የካቢን ክፍተት፣ የምሰሶ መሰላል፣ የላላ ሽቦ። ነፋሱ ሲበረታ ብቻ ይመጣል። የላላ ሽቦ ከሆነ ይታሰራል። ሌላው ከነፋሱ ጋር ያልፋል።

ምልክት፦ «ድምፁ ሳይሆን... ብቻ ደስ አላለኝም»

ይሄም አለ፤ ልናፍርበት አይገባም። ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በ2007 ለሕዝብ የተከፈተው ኬብል ካር ሲታቀድ ከሥሩ ያሉ ነዋሪዎች የተነሱበት ሰው ከላይ ጓሯችንን ያያል ብለው ነው። እንዲህ ያለውን ቅሬታ «ይጮኻል» ብላችሁ አታቅርቡት። መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፣ ለክተው ዝቅተኛ ነው ይላሉ፣ ፋይሉ ይዘጋል። «ያዩናል» ካላችሁ መልሱ ሌላ ነው፦ በዚያ በኩል የካቢኑን መስታወት ማደብዘዝ፣ ዛፍ መትከል፣ መጋረጃ። እስራኤል፣ ሃይፋ ያላችሁ ወገኖችም ከ2022 ጀምሮ ወደ ቴክኒዮን (የቴክኖሎጂ ተቋሙ) እና ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ራካቭሊት የተባለው የገመድ መጓጓዣ በላያችሁ ሲያልፍ ያው ነው፤ የጆሮውንና የዓይኑን ቅሬታ ለየብቻ ጻፉ።

ቅሬታው እንዴት ይጻፍ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ቤት የሚመክረው 30 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ ከ45 ባይበልጥ። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ግን ደብዳቤውን በእሱ አትጀምሩት። ጥገና ክፍል ያለ ሰው የሚፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦

«ሐሙስ ማታ፣ ከምሽቱ 3፡10 እስከ 3፡50። መስኮት ዝግ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ ነፋስ የለም። ክፍሉ የሚያየው ከጣቢያው ሁለተኛውን ምሰሶ ነው። ካቢን ባለፈ ቁጥር አራቴ ጠቅ ይላል፤ ወደ ጣቢያው በሚሄዱት ላይ ብቻ፣ በሚመለሱት ላይ የለም። መስመሩ ሲቆም ይጠፋል። የ20 ሰከንድ ቅጂ አያይዣለሁ።»

ይሄ ደብዳቤ ቢደርሰኝ የትኛው ምሰሶ፣ የትኛው ጎን፣ የትኛው የፑሊ ረድፍ እንደሆነ ከወንበሬ ሳልነሳ አውቃለሁ። መፍቻዬን ይዤ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የምወጣው።

የአክስቴ ልጅ ሆቴሉ ጋ ደውላ ከምሰሶውም ከጣቢያውም ዞር ያለ፣ ከአሳንሰሩም የራቀ ክፍል አስለውጣለች። አሳንሰሩን የጨመረችው ራሷ ናት። እኔ የሊፍት ሰው ሆኜ ረስቼው ነበር።